የጨው ሜዳዋ ሙሽራ ዘውድ

ሎወል ስታክ ዘውዱን ያመጣው በአሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጎ ነበር። በሌላኛው እጁ ከጓሮው የለቀመውን ሎሚ በከረጢት ይዟል። ዘውዱ ለጨረታ፣ ሎሚው ለእኛ ለሠራተኞቹ።

“ከሁለቱ ሎሚው ይሻላችኋል” አለ ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠ። “ዘውዱ ቢጨመቅም ጠብ የሚል ነገር የለውም።”

ሁላችንም ሳቅን። በርባንክ ውስጥ በሃርላን ክሪድ ጨረታ ቤት ስሠራ የአሮጌ ፊልም ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አንዱ ከጎማ የተሠራ የአውሬ ጥፍር ሲሰጡት እንባው ይመጣል። ሌላው ዕቃው ፎርጅድ ነው ሲሉት ለድብድብ ይጋበዛል። ስታክ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ስድሳዎቹን የጀመረ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ፓሳዴና ውስጥ ብቻውን ይኖራል። በመጣ ቁጥር እናቴን እየጠራ “ደህና ናቸው?” ይለኝ ነበር። እወደው ነበር። ይህን ብደብቅ ውሸት ይሆናል።

ፎጣውን ስገልጠው ዘውዱን ወዲያው አወቅኩት። ከቀጭን ሽቦ የተሠራ፣ የጨው ድንጋይ በሚመስሉ የብርጭቆ ስባሪዎች የተሸፈነ ነው። አይሪን ቮስበርግ በ1960ዎቹ “የጨው ሜዳዋ ሙሽራ” በተባለው ፊልም ላይ ያደረገችው ዘውድ። በፊልሙ ውስጥ በሠርጓ ቀን በጨው በረሃ ላይ ሞታ፣ ነጭ ሆና የምትመለስ ሙሽራ ናት። ፊልሙ በርካሽ የተሠራ ቢሆንም የሚወዱት ሰዎች ዛሬም ድረስ በቃላቸው ይዘውታል። ዘውዱ ግን ከጠፋ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው ይባል ነበር።

“ከየት አገኙት?” አልኩት።

“ከአንድ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ። ነፍሱን ይማር፣ ምን እንደሸጠልኝ እንኳ አያውቅም ነበር።” ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ። “የሚስ ቮስበርግን ቀሚስ ልትሸጡላት ነው አሉ። እንግዲህ ዘውዱና ቀሚሱ ጎን ለጎን ይቁሙ። እሷም ትምጣና ትያቸው፤ የጨረታውም ቀን መኪና ላኩላትና ከፊት አስቀምጧት። ወጪው የእኔ ነው። ስሜን ግን አትንገሯት፤ ማመስገን ትጀምርና እኔም እሷም እናፍራለን።”

ሃርላን ይህን ሲሰማ በደስታ እጁን አፋተገ። ተዋናይቱ ራሷ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የሚካሄድ ጨረታ! ለአጫራች ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ቀሚሱን ለመውሰድ ቱሀንጋ ወደሚገኘው ቤቷ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከተራራው ሥር የምትገኝ ትንሽ ቤት ናት። ደወሉን ከደወልኩ በኋላ ብዙ ቆየሁ። በመጀመሪያ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ አንድ ቁልፍ ተከፈተ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀጥ ያለች፣ ነጭ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለች ሴት በሩን ገርበብ አደረገችው።

“መታወቂያሽን አሳዪኝ፣ የኔ ልጅ። አትቀየሚኝ።”

አሳየኋት። ገባሁ። በሩ ገና ከኋላዬ እንደተዘጋ “በሩ ተቆልፏል?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእሷው ድምፅ ነው፤ እሷ ግን ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም። ደንግጬ ዞርኩ።

“ኮሞዶር ነው” አለችኝ። ጥጉ ላይ ባለው የሽቦ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ፣ ላባው የሳሳ አረንጓዴ በቀቀን ቆሟል። “በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠይቅ ከእሱ ነው የምሰማው።”

“በሩ ተቆልፏል?” አለ በቀቀኑ እንደገና፣ አንገቱን አዘንብሎ።

“ተቆልፏል፣ ጌታው” አልኩት። ሳቀች። በየመስኮቱ ላይ የተበየደውን ብረት አየሁ። የወጥ ቤቱ ወንበር ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ መቀመጡንም አየሁ። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ብትፈራ ምን ይገርማል ብዬ አለፍኩት። ልትገባበት ስላሰበችው የፊልም ሠራተኞች መጦሪያ ስታወራልኝ ፊቷ ፈካ አለ። “በየክፍሉ ጎረቤት አለ” አለችኝ። “ሌሊት ሰው ሲያስል ይሰማል። ይህ እንዴት እንደሚያስደስተኝ አታውቂም።”

ዕቃዎቹ ለሕዝብ በሚታዩበት ሳምንት ራሴው መኪና ነድቼ አመጣኋት። ቀሚሱን ሰው በሚያህል የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ አልብሰን፣ ዘውዱን ከጎኑ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል። ምን እንደሚጠብቃት አልነገርናትም። ሃርላን ድንገት አይታው ስትደሰት ፎቶ ሊያነሳት ፈልጎ ነበር።

ቀሚሷን እያየች ፈገግ ብላ መጣች። ከዚያ ዓይኗ ሣጥኑ ላይ አረፈ።

አልጮኸችም። እጄን ብቻ ያዘችኝ። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል፣ አያያዟ ግን አጥንቴን አሳመመኝ። ፊቷ ላይ ደም የሚባል ነገር አልቀረም።

“ክፈቺው” አለች በሹክሹክታ።

ከፈትኩት። ዘውዱን ልሰጣት ስል እጇን ሰበሰበች። “አልነካውም። አንቺ ገልብጪው። በስተውስጥ በኩል፣ ግንባር ላይ የሚያርፈውን እዪ። ሰማያዊ ፍላኔላ አለ?”

ገለበጥኩት። በሽቦው ዙሪያ በእጅ የተሰፋ፣ የደበዘዘ ሰማያዊ ፍላኔላ ነበር።

“ሽቦው ግንባሬን ሲቆርጠኝ ከሌሊት ልብሴ ቀድጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ” አለች። “ይህን ዘውድ ከራሴ ላይ አውልቀው ነው የወሰዱት። ውሰጂኝ። ከዚህ አውጪኝ።”

ቢሮዬ አስገብቼ በሩን ቆለፍኩላት። ውኃ ሰጠኋት። ከዚያ ለፖሊስና ለእህቷ ካልሆነ በቀር ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረችኝ።

ፊልሙ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሎረል ካንየን በሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖር ነበር። መጀመሪያ ትንንሽ ነገሮች መጥፋት ጀመሩ። ማበጠሪያ፣ አንድ እግር ጫማ። ወተቱ ከምትጠብቀው በታች ወርዶ ታገኘዋለች። የረሳች ይመስላት ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከገበያ ተመልሳ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተዘርግቶ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ፊቱ ላይ ከጎማ የተሠራ የሽማግሌ ጭምብል አጥልቋል። ቢላዋ ይዟል። ዘውዱን ከቁም ሣጥኗ አውጥቶ ሳህኗ ላይ አኑሮታል።

“አድርጊው አለኝ። አደረግኩት። ተቀመጪ አለኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ማውራት ጀመረ። ስለ ፊልሙ፣ ስለ እኔ። ምን እንደምበላ፣ በየትኛው ጎኔ እንደምተኛ ያውቃል። ለካስ ጣሪያው ሥር ለሳምንታት ኖሯል። በሩን አንድ ሰው ሲያንኳኳ ነው የተነሳው። ዘውዱን ከራሴ ላይ ቀስ ብሎ አነሳና ‘በሌላ ቀን እንጨርሰዋለን’ ብሎኝ በጓሮ ወጣ።” ቀና ብላ አየችኝ። “የኔ ልጅ፣ ቁጣ የለበትም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ልክ የታመመን ሰው እንደሚያጫውት። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት።”

ድምፁ ዝቅ ያለ። ስታክ ከነሎሚው ዓይኔ ላይ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ራሴን ገሠጽኩ። ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ነው እንዴ?

ሃርላን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም።

“ሲራን፣ እንዲህ ዓይነት ዘውድ ለአንድ ፊልም ሁለት ሦስት ይሠራል። አንቺ ይህን አጥተሽው ነው?”

“ፍላኔላውስ? ሳታየው ነው የነገረችኝ።”

“አርባ ዓመት የቆየ ነገር እኮ ነው። ስታክ ደግሞ... ስታክ! ይህ ሎሚ የሚያመጣልን ሰውዬ!”

“እኔ ስታክ ነው አልኩ? ከሌባው የገዛ ሰው ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም ለፖሊስ እደውላለሁ። ልታባርረኝ ትችላለህ።”

አላባረረኝም። ማርሴላ ኢባራ የምትባል መርማሪ መጣች፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ግን ዓይኗ ምንም የማያልፈው ሴት። ስታክን ሄዳ አነጋገረችው። ሞተ ካለው ነጋዴ የተሰጠውን የቆየ ደረሰኝ አሳያት፣ ቡና አፈላላት፣ ታሪኩን ሲሰማም አዘነ። “ወይ ይህ ሰው ንጹሕ ነው፣ ወይ ደግሞ እኔ ጡረታ መውጣት አለብኝ” አለችን ተመልሳ። ሆኖም የጨረታው ቀን ሲቪል ለብሳ ከባልደረባዋ ጋር አዳራሹ ውስጥ እንደምትቆም ቃል ገባች።

ዘውዱ ለምርመራ ከጨረታው ወጣ። አይሪን ራሷ ግን አልቀርም አለች።

“እዚያ ይመጣል” አለችኝ። “ዘውዱን ወደ አደባባይ ያወጣው እኔን ለማየት ነው። ፊቱን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ። ከፊት አስቀምጡኝና ሰዎቹ ሲያወሩ ልስማ።”

“ካልፈለጉ ማንም አያስገድድዎትም።”

“ፈርቼ ቤቴ ስቀመጥ ምን ጠቀመኝ? ልጄ፣ እየተንቀጠቀጥኩም ቢሆን እመጣለሁ።”

የጨረታው ቀን ከበረሃ የሚነሳው ደረቅ ነፋስ ከተማውን ሲያምሰው ዋለ። ሰው ሁሉ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር የገባው። አዳራሹ ጢም አለ። አይሪን ግራጫ ሹራቧን ለብሳ ከፊት ረድፍ ተቀመጠች። በአጠገቧ የሚያልፍ፣ ሰላም የሚላት፣ ፊርማዋን የሚለምን ወንድ ሁሉ አፉን በከፈተ ቁጥር ትከሻዋ ሲጠብ አያለሁ፤ እሱ አይደለም ስትል ደግሞ ትንሽ ይላላል። ኢባራ ከምሰሶው ሥር ካታሎግ እያገላበጠች ቆማለች። ስታክን በዓይኔ ፈለግኩት። የለም። እውነቱን ለመናገር ባለመኖሩ ተንፈስ አልኩ።

እኔ በጎን ካለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነኝ። አዳራሽ መምጣት የማይችሉ ተጫራቾችን በስልክ እያገናኘን፣ እነሱ ጨምሪ ሲሉን እጃችንን የምናነሳበት ቦታ ነው። ለቀሚሱ የተመዘገበልኝ አንድ ሚስተር ዌልዝ የሚባል ሰው ነበር። ተራው ሲቃረብ በተንቀሳቃሽ ስልኩ ደወልኩለት።

“ከጨረታ ቤቱ ነው የምደውለው፣ ጌታዬ። ቀሚሱ ቀጥሎ ነው።”

“አመሰግናለሁ” አለ በሹክሹክታ። “ጉሮሮዬን አሞኛል፤ ድምፄ ባይሰማሽ ይቅርታ። ሰው ብዙ ነው?”

“ሙሉ ነው።”

“ሙሽራይቱስ መጥታለች?”

ስለ ሌላ ሰው መናገር አይፈቀድልንም። “ብዙ እንግዶች አሉ፣ ጌታዬ” አልኩት።

“መምጣቷ አይቀርም። እስከ መጨረሻው ትቀመጥ፤ አታስቸኩሏት።”

ሃርላን ጨረታውን ከፈተ። እጆች ተነሱ። ሰውዬው “ጨምሪ” አለኝ፤ እጄን አነሳሁ። በዚህ መሃል፣ ከስልኩ ውስጥ፣ ከሰውዬው ጀርባ፣ “በሩ ተቆልፏል?” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሳላስበው ወደ አይሪን ዞርኩ። የተናገረች መስሎኝ ነበር። አፏ ግጥም እንዳለ ነው።

“በሩ ተቆልፏል?” አለ እንደገና በጆሮዬ። ቀጥሎ ፉጨት፣ የክንፍ መራገብ፣ ምንቃር ሽቦ ላይ ሲንገጫገጭ።

በዚያ ሰዓት የገባኝን በሙሉ መናገር አልችልም፤ አንድ ላይ ነው የመጣው። መኪና ላኩላት፣ ከፊት አስቀምጧት፣ እስከ መጨረሻው ትቀመጥ። እኛ አዳራሹን ስንጠብቅ፣ እሱ ባዶ ቤቷን ነበር የሚፈልገው። እኛው ራሳችን አውጥተን ሰጠነው። ከጨረታው በኋላ መኪናችን በሯ ላይ ያወርዳታል፣ ሦስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ ትገባለች፣ ከውስጥ መልሳ ትቆልፋቸዋለች።

“አለሽ?” አለ ሹክሹክታው።

“አለሁ፣ ጌታዬ። ልጨምር?”

“ጨምሪ።”

እጄን አነሳሁ። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ በሌላኛው እጄ ካታሎጉ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ ስልኩ ላይ ያለው ሰው እሷ ቤት ነው፤ ወፉን ሰማሁት። ፊደሎቹ እንደ ሕፃን ጽሕፈት ተወላግደዋል። ኢባራ እስክታየኝ ድረስ አነሳሁት። አነበበች። ፊቷ አልተለወጠም፤ ካታሎጓን ዘግታ እየተራመደች ወጣች። ወዲያው ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና በጣቶቿ ክር እንደሚስብ ሰው አድርጋ አሳየችኝ። አራዝሚው ማለቷ ነው።

እንዴት አድርጌ? ሌሎቹ ተጫራቾች አንድ በአንድ እየወጡ ነበር። ከእኔ ሌላ የቀረው አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ብቻ ነው። እሱም ራሱን ነቀነቀና የተጫራች ቁጥሩ ያለበትን ሰሌዳ ጭኑ ላይ አስተኛው።

“ለስልኩ ተጫራች ልሸጥ ነው” አለ ሃርላን መዶሻውን እያነሳ። “አንድ ጊዜ...”

ኢባራ ወደ አይሪን ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። ልታስወጣት ፈልጋ ይመስለኛል። አይሪን ግን አልተነሳችም። ወደ እኔ ዞራ ፊቴን፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ያለውን ስልክ አየች። ሁሉንም ተረዳች። ያንን እይታ እስክሞት አልረሳውም። ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

ሃርላን መዶሻውን አየር ላይ አቆመው። “ሚስ ቮስበርግ? ቀሚሱ እኮ የራስዎ ነው።”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

“ሐሳቤን ቀየርኩ” አለች። “ምነው፣ አሮጊት ሐሳቧን መቀየር አይፈቀድላትም?”

ሃርላን ዕድሜውን በሙሉ ከመድረክ ላይ ሆኖ የሰው ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። እሷን አየ፣ ኢባራን አየ፣ እኔን አየ። ደንቡ አይፈቅድም ነበር።

“ይፈቀዳል!” አለ። “ዋጋው ከፊት ረድፍ ነው። ሲራን፣ ሰውዬሽ ምን ይላል? አይቸኩል፣ እኛ ምሳችንን በልተናል።”

“ማን ነው የሚጋፋኝ?” አለ ስልኩ።

“አንዲት ሴት ናት።”

“የት ነው የተቀመጠችው?”

“ከፊት።”

ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ በስሱ ሳቀ፤ ሹክሹክታው ጠፍቶ በራሱ ድምፅ፣ በዚያ በማውቀው ለስላሳ ድምፅ መጣ። “እሷ ራሷ ናት፣ አይደል? እንዴት ደስ ይላል! ከእኔ ጋር እየተጫወተች ነው። ጨምሪ፣ ሲራን።”

ስሜን አልነገርኩትም ነበር። ሎሚውን ስንቴ ቤቴ ወስጄ ለልጆቼ እንደጨመቅኩላቸው ትዝ አለኝ።

እጄን አነሳሁ። አይሪንም አነሳች። እኔ፣ እሷ፣ እኔ፣ እሷ። ሃርላን በየመሃሉ ይቀልዳል፣ መነጽሩን ይጠርጋል፣ ስለ ቀሚሱ ጥልፍ የሌለ ታሪክ ይፈጥራል። ሰዉ ጨዋታ መስሎት ያጨበጭባል። አይሪን እያንዳንዱን ጊዜ ወደ እኔ እያየች ነው የምታነሳው፤ ስልኩን በዓይኗ ይዛዋለች፣ እጇን ካወረደች ሰውዬው የሚያመልጥ ይመስል።

“ደክሟት ይሆን?” አለኝ ስታክ። “ብትደክም አይገርምም። ትላንትም በደንብ አልተኛችም። መብራቷ ሲበራ ሲጠፋ ነበር።”

“ልጨምር?” ብቻ አልኩት፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

“ምነው፣ አመመሽ እንዴ?”

“ነፋሱ ነው። ጉሮሮዬን አደረቀው።”

“አዎ፣ ነፋሱ...” ንግግሩን አቆመ። የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነበር። በቀቀኑም ዝም አለ። “ሲራን” አለኝ በጣም ቀስ ብሎ፣ “መንገዱ ላይ መኪና ቆመ። ለማን ነገርሽ?”

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሆነ። በር ሲሰበር ሰማሁ፣ ሳህን ሲከሰከስ፣ ብዙ ሰው “እጅህን! እጅህን አሳይ!” እያለ ሲጮኽ። ስልኩ ወለል ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ከሁሉም በላይ የኮሞዶር ጩኸት ይሰማል፤ “በሩ ተቆልፏል? በሩ ተቆልፏል?” ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ላነሳው አልቻልኩም። በመጨረሻ አንዲት ፖሊስ ከወለሉ አንስታ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ “ማን ነው?” አለችኝ።

“ጨረታ ቤቱ ነው” አልኳት። ሌላ ምን እንደሚባል አላወቅኩም።

ሃርላን መዶሻውን እንደያዘ ይጠብቀኛል። “ሲራን? የስልኩስ ሰው?”

“ከጨረታው ወጥቷል” አልኩና ተቀመጥኩ።

ኢባራ ስልኳን አዳምጣ ለአይሪን ራሷን ነቀነቀችላት። አይሪን አላለቀሰችም። ሹራቧን ደረቷ ላይ ሰበሰበችና “ወፌ ደህና ነው?” ብላ ጠየቀች።

ወፉ ደህና ነበር። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳህን ተዘርግቶ ተገኝቷል። ደርቆ የተሰነጣጠቀው የጎማ ጭምብል ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል። በሦስቱ ቁልፎች ላይ አንድ ጭረት አልነበረም፤ ስታክ የሦስቱም መክፈቻ ነበረው። ፓሳዴና ቤቱን ሲፈትሹ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አይሪን የኖረችባቸውን ቤቶች ሁሉ መክፈቻዎች በአንድ ሽቦ ተሰክተው አገኙ። ከየት እንዳመጣቸው ተጠይቆ እስከ መጨረሻው አልተናገረም። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት ጊዜ ገብቶ እንደወጣም አልተናገረም። አይሪንን ከሁሉ የባሰ ያመማት ይህ ነው። “ቤት በቀየርኩ ቁጥር አመለጥኩት እል ነበር” አለችኝ።

ያረጀው ወንጀል ጊዜ አልፎበታል ተባለ። አሁን የሠራው ግን ለመታሰር በቂ ነበር። ፍርድ ቤት ሄዳ መሰከረች፤ እኔም መሰከርኩ። ስታክ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ልክ እንደ ድሮው በትሕትና ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ዓይኔን አዞርኩ። የተፈረደበትን ሳይጨርስ እስር ቤት ሞተ።

ሃርላን ከዚያ ቀን በኋላ ለአይሪን አበባ ይዞ ሄዶ፣ በሯ ላይ መታወቂያውን ሳትጠይቀው በፊት ራሱ አውጥቶ አሳያት። “አላመንኩዎትም ነበር” ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ዘውዱ ሲመለስላት ትሰባብረዋለች ብለን ነበር። እሷ ግን ሽጡት አለችን። “ኦጊ የሚባል ደግ ሰው ነው የሠራው” አለች። “ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያጣበቀ፣ ጣቱ እየደማ። የእሱ ሥራ ነው እንጂ የዚያ ሰውዬ አይደለም።” ከፍሬዝኖ የመጣች የልብስ ስፌት አስተማሪ ገዛችው።

እኔ በስልክ ማጫረት ተውኩ። ሞክሬ ነበር፤ አንድ ሰው በለስላሳ ድምፅ “ጨምሪ” ሲለኝ እጄ አልነሳ አለኝ። ሃርላን ምንም ሳይጠይቅ ወደ ዕቃ ምዝገባ አዛወረኝ። ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ከየት እንዳገኘው እስኪሰለቸው እጠይቀዋለሁ።

አይሪን አሁን በመጦሪያው ትኖራለች። ባለፈው ወር ልጠይቃት ስሄድ መዋኛ ገንዳው ጋ ነች አሉኝ። ሰማያዊ ቆብ አድርጋ፣ እስከ ደረቷ ውኃ ውስጥ ገብታ፣ የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ አገኘኋት። አሠልጣኟ እንደ ልጅ ታባብላታለች።

“አርባ ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴን ውኃ ውስጥ ከትቼ አላውቅም” አለችኝ ስታየኝ። “ፀጉሬን እንኳ ዓይኔን ገልጬ ነው የምታጠበው። ጆሮዬ ከተደፈነ ማን እንደመጣ እንዴት አውቃለሁ?”

“አሁንስ?” አልኳት።

“አሁንም እፈራለሁ፣ የኔ ልጅ። ምን መሰለሽ!”

ትንፋሿን ሳበችና ወደ ታች ወረደች። ቆቧ ከውኃው ሥር ጠፋ። ስትወጣ ከሁሉ በፊት ያደረገችው ነገር መዋኛውን ዙሪያውን መቃኘት ነበር፤ በሩን፣ ወንበሮቹን፣ እኔን። ፊቷን በእጇ ጠረገች። ከዚያ እንደገና ወረደች።